ከሐርለም እስከ መልካ ኦዳ፦ የዶክተር መላኩ በያን ሕይወትና የሻሸመኔ ሰፈራ ታሪክ መዛግብት

አኅጽሮተ ጥናት

ከሐዋሳ በስተሰሜን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሻሸመኔ ከተማ ዳርቻ የሚገኘው መልካ ኦዳ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከሰሜን አሜሪካና ከእንግሊዝ በመጡ ሰፋሪዎች የተለወጠ የገጠር ሥፍራ ነው። ለሰፈራው ምክንያት የሆነው የመሬት ስጦታ የተሰጠው በኒው ዮርክ ለተቋቋመ ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩን የመሠረቱት ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ይህ ጽሑፍ የዶክተር መላኩን ሕይወት በቅደም ተከተል እየተረከ እያንዳንዱ ምዕራፍ የተወውን የጽሑፍ ምስክርነት ያመለክታል። ከዚያም የመንደሩን ታሪክ ለመሰብሰብ የሚነሣ ተመራማሪ ሰጪውን፣ ተቀባዩንና ከሁለቱም በፊት በሥፍራው የነበረውን ገበሬ በአንድነት ካልመዘገበ የሚሠራው ቤተ መዛግብት የተዛባ እንደሚሆን ለማሳየት ይሞክራል። የተለየ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መግቢያ

የአንድ ገጠር ታሪክ መዛግብት በዚያው ገጠር ይገኛሉ ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የርስት ክርክር፣ የአጥቢያ ሽማግሌዎች ትዝታ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም በየቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ተፈልገው የሚገኙ ናቸው። በስደተኞች መምጣት የተለወጠ ገጠር ግን ከዚህ ልማድ ይወጣል። የታሪኩ ግማሽ ከመጡበት አገር ተጽፎ የቀረ ነውና፣ መንደሩን ብቻ የቆፈረ ተመራማሪ የታሪኩን ጅራት እንጂ ራሱን አያገኝም።

መልካ ኦዳ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በሕዝብ አጠራር ጃማይካ ሰፈር የሚባለው ይህ መንደር ለብዙ መንገደኛ በቀለማቱና በሙዚቃው የሚታወቅ ሆኗል። መሠረቱን የጣሉት ወረቀቶች ግን የተጻፉት በሐርለም፣ በኪንግስተንና በአዲስ አበባ ነው። ወረቀቶቹን ወደ ኋላ እየተከተለ የሄደ ሰው በመጨረሻ የሚደርሰው ሻሸመኔን በመሬት ስጦታ ሳያያት በሞተ ሰው ሕይወት ላይ ነው። የዶክተር መላኩ በያን ታሪክ በጥቁር ሕዝቦች የትግል ታሪክ ውስጥ የታወቀ ቢሆንም፣ ከመልካ ኦዳ የገጠር ታሪክ ጋር ተያይዞ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ልደት፣ አስተዳደግና የውጭ አገር ትምህርት

መላኩ በያን በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኰንን ግቢ አካባቢ ያደጉ ሲሆን፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑት ከተፈሪ መኰንን ጋር በዝምድና ይቈጠሩ ነበር። ይህ ቅርበት የሕይወታቸውን አቅጣጫ ወሰነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ አገሪቱን በዘመናዊ ትምህርት ለማገልገል የሚችሉ ወጣቶችን ወደ ውጭ መላክ ሲጀምሩ መላኩ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ሆኑ።

በመጀመሪያ የተላኩት ወደ ሕንድ ነበር። በዚያ ብዙ አልቈዩም። ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፕሬዝዳንት ሃርዲንግ ዘመን ደረሱና፣ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኘው ማስኪንገም ኮሌጅ ገቡ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የሚማር ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቈጠር ነበር። ኮሌጁ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ተቋም ሲሆን፣ ይኸው ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያ ውስጥ የሚስዮን ሥራ ስለ ነበረው የሁለቱ ወገኖች ግንኙነት ለተማሪዎቹ መንገድ ጠረገ።

ከማስኪንገም በኋላ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወሳኙ መታጠፊያ የመጣው ግን በዋሽንግተን ወደሚገኘው የጥቁሮች ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕክምና ለመማር ሲዛወሩ ነው። ዝውውሩ የትምህርት ቤት ለውጥ ብቻ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከአሜሪካ ጥቁሮች ለይተው የሚያዩ ናቸው የሚል ቅሬታ በጥቁሮች ጋዜጦች ይነሣ ነበር። መላኩ ይህን ቅሬታ በአኗኗራቸው ለመመለስ የፈለጉ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን አገቡ። ይህ ጋብቻ በኋላ በሠሩት ሥራ ሁሉ ላይ ጥላውን ጥሏል፤ ባለቤታቸው በጋዜጣና በማኅበር ሥራቸው ቀኝ እጃቸው ሆነው ኖረዋልና።

በሃዋርድ ከተዋወቋቸው መምህራን አንዱ የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ ለማስተማር ዕድሜያቸውን የሰጡት ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 የኢትዮጵያ የምርምር ጉባኤ የተባለ ስብስብ በዋሽንግተን ሲመሠረት ሃንስበሪና መላኩ በግንባር ቀደምትነት ተሳትፈዋል። ጉባኤው ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን መሰብሰብና ለአሜሪካ ጥቁሮች ማሳወቅ ዓላማው ነበር። በዛሬው ቋንቋ ብንገልጸው መረጃ የማሰባሰብና የማደራጀት ሥራ ነው። ስለዚህ መላኩ የፖለቲካ ቀስቃሽ ከመሆናቸው በፊት ለታሪክ ሰነድ ዋጋ የሚሰጥ ክበብ ውስጥ የገቡ ሰው ነበሩ።

ለዚህ የሕይወታቸው ክፍል ዋናው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ ያሳተሙት፣ የጥቁር ሕዝቦችን ጉዞና የኢትዮጵያን መሪነት የሚመለከተው መጽሐፋቸው ነው። የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ በዚያ አስፍረዋል። አንባቢ ግን መጽሐፉ በጦርነት ጊዜ ለቅስቀሳ የተጻፈ መሆኑን አይዘንጋ። ደራሲው ስለ ራሳቸው የመረጡትን ነው የነገሩን፤ የትምህርት ቤቶቹ መዛግብትና የዘመኑ ጋዜጦች ከጐኑ ሊነበቡ ይገባል።

የጦርነቱ ዘመን

በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ዶክተር መላኩ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከመመለሳቸው በፊት ለአገራቸው ሙያተኛ ሲፈልጉ ነበር። በቺካጎ የጥቁሮች የዜና ማኅበር መሥራች በነበሩት በክሎድ ባርኔት በኩል የተገናኙት አብራሪው ጆን ሮቢንሰን በእርሳቸው አማካይነት ለንጉሠ ነገሥቱ ተጠቍመው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በጦርነቱም ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በኃላፊነት አገለገሉ። የባርኔት ወረቀቶች በቺካጎ ተጠብቀው መገኘታቸው ይህን ግንኙነት ለመከታተል አስችሏል። ከአንድ የግል ሰው የደብዳቤ ክምችት የአንድ አገር የጦር ታሪክ ሊወጣ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ዶክተር መላኩ በኦጋዴን ግንባር በቀይ መስቀል ሥር በሐኪምነት አገለገሉ፤ በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ በሐኪምነትና በአስተርጓሚነት ሠሩ። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲወጡ እርሳቸውም ወደ ስደት ተከተሉ።

በዚያ ዓመት ክረምት ከሐርለም የተላኩ ሦስት ሰዎች፣ ፓስተር ዊልያም ሎይድ አይምስ፣ ዶክተር ፊሊፕ ሳቮሪና ሲሪል ፊልፕ፣ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ንጉሠ ነገሥቱን አነጋገሩ። የመጡበት ጉዳይ አጭር ነበር። በአሜሪካ ያሉ ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ገንዘብ እያዋጡ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ስም የሚሰበስቡት ማኅበራት በመብዛታቸው ማን እውነተኛ ማን አስመሳይ እንደ ሆነ መለየት አስቸግሯል፤ ስለዚህ የሚታመን የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ ይላክልን የሚል ነበር። ለዚህ ተልእኮ ከዶክተር መላኩ የተሻለ ሰው አልነበረም። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ያውቃሉ፤ በአሜሪካ ጥቁሮች መካከል ኖረዋል፤ ከእነርሱም አግብተዋል። በመስከረም 1929 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር ኒው ዮርክ ገቡ።

ፌዴሬሽኑና ጋዜጣው

ዶክተር መላኩ ሐርለም እንደ ገቡ ያገኙት ሕዝብ በኢትዮጵያ ጉዳይ የተነሣሣ፣ ነገር ግን በመሪዎች ፉክክር የተከፋፈለ ነበር። የሥራቸው የመጀመሪያ መሣሪያ ጋዜጣ ሆነ። የኢትዮጵያ ድምፅ የሚል ስም የነበረው ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1929 ዓ.ም. አጋማሽ መታተም ጀመረ። ባለቤታቸውም በዝግጅቱ ይሠሩ ነበር። ጋዜጣው በአሜሪካ የተለመደውን ኔግሮ የሚለውን ቃል ትቶ ጥቁር በሚለው መጠሪያ መጠቀምን መረጠ። በእርሱ አመለካከት ከአዲስ አበባ፣ ከኪንግስተንና ከሐርለም የመጣው ጥቁር የአንድ ሕዝብ አካል ነውና አንድ ስም ሊኖረው ይገባ ነበር።

ቀጥሎ ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1937) የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኒው ዮርክ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት የሐርለሙ የቅዱስ ማርቆስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሎሬንዞ ኪንግ ሲሆኑ፣ ዶክተር መላኩ የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ተወካይ በመሆን ማኅበሩን ይመሩ ነበር። የማኅበሩ መተዳደሪያ የጥቁር ሕዝቦችን አንድነት፣ ነፃነትና የራስን ዕድል በራስ መወሰንን፣ የኢትዮጵያንም ሉዓላዊነት መጠበቅን በዓላማነት አሰፈረ። የቅርብ ተግባሩ ለጦርነቱ ሰለባዎችና ለስደተኞች ርዳታ ማሰባሰብ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር የማኅበሩ አደረጃጀት ነው። ፌዴሬሽኑ ቍጥር በተሰጣቸው ቅርንጫፎች የተዋቀረ ነበር። ቅርንጫፎቹ በአሜሪካ ከተሞች ብቻ ሳይወሰኑ ወደ ካሪቢያንም ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ቅርንጫፍ ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ በኪንግስተን ድሆች መካከል ንጉሠ ነገሥቱን በሃይማኖት ዓይን የሚያይ እንቅስቃሴ በማደግ ላይ ነበር። ፌዴሬሽኑ በራሱ የሃይማኖት ድርጅት አይደለም፤ መሥራቹም የተማሩ ሐኪምና የመንግሥት ተወካይ ናቸው። የቅርንጫፍ ደብተርና የአባልነት ወረቀት ግን የትም ይደርሳል። ለአንዱ የርዳታ ማኅበር የሆነው ለሌላው የመመለሻ መንገድ ሆኖ ታየ። የመልካ ኦዳ ሰፈራ የተወለደው ከዚህ ድርብ ትርጕም ነው።

የኢትዮጵያ ድምፅ ቅጂዎችና ከማኅበሩ ሕይወት የቀሩ ሌሎች ወረቀቶች በኒው ዮርክ፣ በተለይም በሐርለም በሚገኘው የሾምበርግ የጥቁሮች ባህል ምርምር ማእከል ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። የሚያሳዝነው ግን አንድ የሐዋሳ ወይም የሻሸመኔ ተማሪ ስለ ጐረቤቱ መንደር አመጣጥ ለማንበብ ቢፈልግ ከአትላንቲክ ማዶ መሄድ ወይም ቅጂ መለመን ያለበት መሆኑ ነው።

ዕረፍትና ከዕረፍት በኋላ የመጣው

ዶክተር መላኩ ዕረፍት አላወቁም። ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይናገሩ፣ ጋዜጣውን ያዘጋጁ፣ የማኅበሩን ውስጣዊ ክርክር ይዳኙ ነበር። በመጨረሻ ሰውነታቸው ደከመ፤ በሳንባ ምች ታመው ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የታገሉለትን ቀን ለማየት የቀራቸው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነበር።

ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያን የደገፉትን የዓለም ጥቁር ሕዝቦች ለማመስገን በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1948) በሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። አንድ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ቢታሰብ ስጦታው 200 ሄክታር ያህል ይሆናል። ተቀባዩ በግለሰብ ስም ያልተጠራ ሲሆን፣ መሬቱ በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ለአባላቱ እንዲውል የታሰበ ነበር። ስለዚህ መሥራቹ ከሞቱ ከስምንት ዓመት በኋላ የፈጠሩት ተቋም ለአንድ የአርሲ ገጠር ዕጣ ምክንያት ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከሞንትሰራት ደሴት ተነሥተው በአሜሪካ በኩል የመጡት ጄምስና ሄለን ፓይፐር የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። እነርሱም መሬቱን በፌዴሬሽኑ ስም ያስተዳድሩ ነበር። የስጦታው ዜና በካሪቢያን የተስፋፋው ግን ዘግይቶ ነው። በመስከረም 1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1955) ከኒው ዮርኩ ጽሕፈት ቤት ለኪንግስተን ቅርንጫፍ የተላከ ደብዳቤ የንጉሠ ነገሥቱ የግል ይዞታ የሆነ 500 ኤከር መሬት መሰጠቱን አስታወቀ። ደብዳቤው ዛሬ በቀላሉ የሚነበበው እ.ኤ.አ. በ1960 በዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሦስት መምህራን ስለ ራስ ተፈሪያን እንቅስቃሴ ባወጡት ዘገባ ውስጥ ስለ ገባ ነው። ዋናው ወረቀት ቢጠፋ እንኳ ምስክርነቱ አልጠፋም፤ በጊዜው የገለበጠው ሰው ስለ ነበረ።

በቀጣዩ ዓመት የጃማይካ መንግሥት የመመለስን ጉዳይ የሚያጠና ልዑክ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ አምስት የአፍሪካ አገሮች ላከ። ኖኤል ዳየር የተባሉት ጃማይካዊ በ1957 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ተነሥተው በየብስ፣ በሰሜን አፍሪካና በሱዳን በኩል አድርገው ሻሸመኔ ደረሱ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን ሲጐበኙ የተሰበሰበው ሕዝብ ብዛትና ስሜት የፍልሰቱን ምኞት አጠነከረው። ከዚያ በኋላ የሰፋሪው ቍጥር ቀስ በቀስ ጨመረ፤ በ1962 ዓ.ም. መሬቱ ለአሥራ ሁለት ሰዎች ተከፋፈለ።

መዝገብ ያጣው ሦስተኛው ወገን

እስከዚህ የተነገረው ታሪክ በሁለት ወገኖች ወረቀት ላይ የቆመ ነው። ሰጪው መንግሥት የራሱ መዛግብት አሉት፤ ተቀባዩም ማኅበር ደብተር፣ ደብዳቤና ጋዜጣ አለው። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። የአርሲ ኦሮሞ በአካባቢው በከብት ርባታና በእርሻ ይኖር ነበር። አገሩ በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ማብቂያ በዳግማዊ ምኒልክ ሥር ከገባ ወዲህ መሬት በጋሻ እየተለካ ለመንግሥት፣ ለመኳንንትና ለወታደር ሲደለደል ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሆነ። በመስጠትና በመቀበል መካከል የገበሬው ስም በወረቀት ላይ የሚታየው፣ ከታየም፣ በግብር ከፋይነቱ ነው።

የዚህ ጉድለት ትርጕም በ1967 ዓ.ም. ታየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት አደረገ። ለሰፋሪዎቹ ይህ ቀን የተሰጣቸውን ያጡበት ነው፤ አንዳንዶቹም አገር ለቀው ወጡ። ከጭሰኝነት ለወጣው ገበሬ ግን ያው ቀን ያረሰውን መሬት የያዘበት ነው። አንዱን አዋጅ ሁለት ጐረቤታሞች እንደ ሐዘንና እንደ ደስታ ያስታውሱታል። የሰፋሪውን ትዝታ ብቻ የሰበሰበ ቤተ መዛግብት ገበሬውን ቀማኛ አድርጎ ያቀርበዋል፤ የገበሬውን ብቻ የሰበሰበም ከሩቅ አገር በተስፋ የመጣውን ሰው የባላባት ወገን አድርጎ ይስለዋል። ሁለቱም ትዝታዎች በየፊናቸው እውነት ናቸው፤ ሐሰት የሚሆነው አንዱ ለብቻው ሲቀመጥ ነው።

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። ሰፋሪዎቹና በኢትዮጵያ የተወለዱ ልጆቻቸው ለአሥርት ዓመታት የሕጋዊ ነዋሪነት ጥያቄ ሲያነሡ ቈይተው በ2009 ዓ.ም. መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው አስታወቀ። ማን መቼ መጣ፣ የማን ልጅ ነው፣ የትኛውን ቦታ በምን መብት ያዘ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው በሰነድ ነው። ሰነድ የሌለው ሰው መብቱን በምስክር ያስረዳል፤ ምስክሮቹ ደግሞ ያረጃሉ፣ ይሞታሉ። የአርሲው ገበሬም ልጅ ስለ አያቱ ይዞታ ሲጠየቅ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው።

ለቤተ መዛግብት ሥራ የሚገኝ ትምህርት

ከዶክተር መላኩ ሕይወትና ከመልካ ኦዳ ታሪክ አንድነት አራት ተግባራዊ ትምህርቶች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ የመዛግብቱን ካርታ መሥራት ይቀድማል። ኒው ዮርክ፣ ዋሽንግተን፣ ቺካጎ፣ ኪንግስተንና አዲስ አበባ እያንዳንዳቸው የታሪኩን ቍራጭ ይዘዋል። በአዲስ አበባ ወመዘክርና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መነሻ ናቸው። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ምሁር ጁሊያ ቦናቺ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለዚህ ፍልሰት ያሳተመችው መጽሐፍ በተበታተኑ ሰነዶችና በቃል ታሪክ ላይ የቆመ በመሆኑ ለካርታው ጥሩ መሪ ነው። የውጭዎቹን ዋና ሰነዶች ማምጣት ባይቻልም ዲጂታል ቅጂዎችን በስምምነት ማግኘት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የስምና የዘመን አጻጻፍ ከመጀመሪያው ሥርዓት ይፈልጋል። የዶክተር መላኩ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መልክ ይጻፋል፤ ከሰፋሪዎቹም ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ስማቸውን ለውጠዋል። ስጦታው በአንዱ ሰነድ እ.ኤ.አ. 1948 ሲባል በሌላው 1940 ዓ.ም. ይባላል። ያልተጠነቀቀ መዝጋቢ አንዱን ሰው ሁለት፣ አንዱን ዓመት ሁለት ዘመን ሊያደርገው ይችላል። ለእያንዳንዱ ስም ሁሉንም አጻጻፎች፣ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለቱንም አቈጣጠሮች ማስፈር ሥራውን ያዘገያል እንጂ አያበላሽም።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ያልጻፈው ወገን በድምፅ ይመዝገብ። በመልካ ኦዳና በዙሪያው ያሉ የኦሮሞ ሽማግሌዎችና እናቶች በአፋን ኦሮሞ፣ ቀደምት ሰፋሪዎች በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ በመካከል የተወለዱት ልጆች በአማርኛም ቢሆን በመረጡት ቋንቋ ይናገሩ። ቃለ መጠይቁ በተናገሩበት ቋንቋ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ትርጕም ከጐኑ ይሁን እንጂ ቦታውን አይውሰድ። የተናጋሪው ፈቃድ፣ ስሙ የሚገለጽ ወይም የሚሰወር መሆኑ፣ ቅጂውም ለማን ክፍት እንደሚሆን በቅድሚያ ይወሰን። የይዞታ ክርክር ባለበት መንደር በቸልታ የተቀመጠ ቃል በጐረቤታሞች መካከል ጠብ ሊያስነሣ ይችላልና።

አራተኛ፣ ቅጂው ለባለቤቶቹ ይመለስ። ሻሸመኔ በኦሮሚያ ምዕራብ አርሲ ዞን፣ ሐዋሳ በሲዳማ ክልል ቢሆኑም፣ ከሐዋሳ መናኸሪያ ተነሥቶ መልካ ኦዳ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጧት ሄዶ ማታ የሚመለስበት የመስክ ሥፍራ ነው። የአስተዳደር ወሰን ለመዛግብት ሥራ የፈቃድ ደብዳቤ ያበዛ ይሆናል፤ ታሪኩን ግን አይከፍለውም። ሐዋሳ ራሷም ከየአቅጣጫው በመጡ ሰፋሪዎች የተመሠረተች ከተማ በመሆኗ ከመልካ ኦዳ የሚቀሰም ልምድ ለራሷ ታሪክም ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

ዶክተር መላኩ በያን ከወሎ ተነሥተው በሐረር፣ በሕንድ፣ በኦሃዮ፣ በዋሽንግተንና በኦጋዴን በኩል ሐርለም የደረሱ ሰው ናቸው። በ40 ዓመት ዕድሜያቸው ሐኪም፣ የጦር ሜዳ አገልጋይ፣ ጋዜጠኛና የማኅበር መሥራች ሆነዋል። ከሥራቸው ሁሉ በመሬት ላይ የሚታይ አሻራ የተወው ግን ምናልባት ያላሰቡት ነው፤ በእርሳቸው ማኅበር ስም የተሰጠ አምስት ጋሻ፣ በዚያም ላይ የተገናኙ ሁለት ሕዝቦች።

ከሐርለም ወደ መልካ ኦዳ የሚወስደው የወረቀት መንገድ እስካሁን ሊከተሉት የሚቻል ነው፤ ወረቀቱን የሚጠብቁ ተቋማት አሉና። ከመልካ ኦዳ ገበሬ ጎጆ የሚጀምረው መንገድ ግን የሚጠብቀው ተቋም የለውም፤ በሰው ትዝታ ላይ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ትውልድ አልፏል፤ ሲመጡ በዐይናቸው ያዩአቸው የመንደሩ ልጆችም ዛሬ አረጋውያን ናቸው። ስለዚህ የሐርለሙ ሰነድ ለከርሞ ቢቈይ አይጠፋም፤ ቀድሞ መመዝገብ ያለበት የእነዚህ አረጋውያን ቃል ነው።